የበየደ አይለካም

ማናዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ መያዝ ካቆመ ሰንብቷል። ብስራተ ገብርኤል ታቦት ሲነግሥ ነጠላውን አጣፍቶ ከሰው ጋር ይቆማል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ጧፍ ሲያቀብለው ግን ሁለት እጆቹን ነጠላው ውስጥ ሰብስቦ፣ "ከኋላ ላሉት ይድረሳቸው" ይላል። ያየው ሁሉ "እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው" ይለዋል። ትሑትስ ትሑት ነው፤ የጧፉ ነገር ግን ከትሕትና ጋር አይገናኝም። ጧፍ ምስጢር አይጠብቅም። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ነበልባሉ ለምእመኑ ሁሉ ይናገራል።

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ዘነቡ ብቻ ነበረች። እሱ እንደዚያ ያስብ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቻል ነበር። ደላላ ቢሆን አፉ ይበቃዋል፤ ዘበኛም ቢሆን ፊሽካ አለው። ማናዬ ግን ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሀይሌ ጋርመንት፣ ታክሲ ከሚሞላበት ጀርባ ከተደረደሩት ሱቆች አንዷ የእሱ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የመስታወት ሣጥን ካስገባች በኋላ እሷም እንደ ሰው ትንፋሽ የሚያጥራት ሱቅ። ሰው ከለቡም ከጀሞም ስልኩን ይዞ የሚመጣው ለሱቋ ብሎ አይደለም፤ ለእጁ ነው። ሌላ ቦታ "ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ" የተባለ ስልክ እሱ ጋ መጥቶ ይነሣል። "እጀ ወርቅ" ሲሉት "ኧረ ተዉ እናንተ" ይላል፤ ይላል እንጂ ጆሮው ቆሞ ነው የሚሰማው። ምሳውን እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ አይበላም ነበር። ዘነቡ የቋጠረችለትን ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ከፍቶ፣ ዓይኑን ከተከፈተው ስልክ ላይ ሳያነሣ ይጎርሳል። "ከወንበሬ ከተነሣሁ ሥራው ይቀዘቅዝብኛል" ይል ነበር።

ሥራውን የተማረው ገና በልጅነቱ ከመርሐቤቴ አጎቱ ዘንድ በመጣ ጊዜ ነው። ያስተማሩት ጎፋ የነበሩት ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ማሞ ናቸው። ጋሽ ማሞ ቁጡ ነበሩ፤ ደንበኛም ቢሆን ይሰድባሉ። ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ የሚያከብሩት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የበየደ አይለካም። አንዱ በካውያ ሊድ አቅልጦ ሽቦውን ከበየደ፣ ኤሌክትሪክ ከመለቀቁ በፊት በመልቲሜትር የሚለካው ሌላው ነው። የማይገናኝ ነገር ተገናኝቶ ሾርት ፈጥሮ እንደሆነ መልቲሜትሩ ይጮኻል። "ሰው የገዛ ሥራውን ሲለካ ዓይኑ ያባብለዋል" ይሉ ነበር። ስለዚህ ማናዬ ገና ካውያ ሳይጨብጥ በፊት የመምህሩን ሥራ ይለካ ነበር። እየፈራ "ጋሼ፣ ሾርት አለው" ሲላቸው "እሰይ" ብለው ይፈቱታል እንጂ ፊታቸው አይጠቁርም። ዓይናቸው የደከመ ጊዜም አልደበቁም። አንድ ቀን ደንበኛ ቆሞ እያየ ካውያውን አስቀመጡና፣ "ማናዬ፣ ዓይኔ ከዳኝ፤ ና እዚህ ተቀመጥ" ብለው ተነሡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ መንገደኛውን ሲሰድቡ ኖሩ። ማናዬ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። አይቶ ሲያበቃ መደበቁ ነው እንግዲህ የሚያንገበግበው።

ዕድሜው ያለፈው ዕቃ ሲያንስ በማየት ነው። ሲጀምር ሬዲዮ ነበር፤ ክዳኑ ሲነሣ እጅ እስከ አንጓው ይገባል። ቴሌቪዥኑማ ጀርባው ተከፍቶ ሕፃን ያስተኛል። ከዚያ ሞባይል ሲመጣ የሥራ ባልደረቦቹ "ይሄ የጉንዳን ሥራ ነው" ብለው ሲሸሹ እሱ ተጠጋው። ዕቃው ባነሰ ቁጥር የእሱ ስም እየገነነ ሄደ። እጁ የከዳው ዕቃው ሁሉ ከማነስ አልፎ ለዓይን በሚቸግርበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያመቻቸዋል ብሎ መጠየቅ ከፈጣሪ ጋር መጣላት ነውና ይቅር።

መጀመሪያ ቡናው ነው ብሎ ቡና ተወ። ቀጥሎ ጠበል ተጠመቀ። ዘነቡ "ሐኪም ቤት ሂድ" እያለች ስትጨቀጭቀው፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ከተማውን አቋርጦ አንድ ሩቅ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶት "ከመሐል ይጀምሩና እየዞሩ፣ እየሰፋ የሚሄድ መስመር ይሥሩልኝ" አለው። ዕድሜውን በሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሲያሰልፍ የኖረ ሰው ሣለ። ከዚያ የሣለውን አየው። ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደሚያስታግሰው እንጂ እንደማያጠፋው በትሕትና ነገረው። ማናዬ አመስግኖ ወጣ፤ በር ላይ ወረቀቱን ቀዳዶ ጣለው። ቤት ገብቶ ለዘነቡ "ድካም ነው አሉኝ" አላት። እሷም "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብላው ፊቷን ወደ ሥራዋ መለሰች።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነበት። ካፌ ሲቀመጥ ማኪያቶውን ትቶ በስትሮ የሚጠጣ ለስላሳ ያዛል። ሰርግ ቤት ጉርሻ ሲመጣ ይቀበላል እንጂ አያጎርስም። ወረንጦ ሲይዝ ትንሿን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይተክላል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ መንቀጥቀጡ ፋታ የሚሰጥባትን ቅጽበት አድፍጦ ይጠብቃል። የረቀቀውን ሥራ ደግሞ "እስቲ አንቺ እይው፣ ዓይኔን ብዥ አለኝ" እያለ ለልጁ ያሳልፋል። ያ ጤነኛ ዓይን እንደ እሱ ስሙ የጠፋ የለም።

ጸደንያ አንድ ልጁ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚያች ጠረጴዛ ሥር እየተኛች ነው ያደገችው። ኮሌጅ ከጨረሰች ጀምሮ ሁለተኛዋ ወንበር የእሷ ሆናለች። እሱ ይበይዳል፣ እሷ ትለካለች። መልቲሜትሩ በእሷ በኩል ግድግዳው ላይ ከተመታች ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሽቦዎቹን የምትጠቀልልበት የራሷ አጠቃለል አላት፣ መጨረሻው ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ወደ ውስጥ የምታስገባው።

እሑድ እሑድ ግን ጸደንያ ድሮን ታበራለች። ሰርግ ላይ ከሰው ራስ በላይ የሚያንዣብበው ትልቁ ዓይነት አይደለም። ይቺኛዋ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ አራት ሞተሮቿ የሸሚዝ አዝራር የሚያካክሉ፣ አፍንጫዋ ላይ ካሜራ ያላት ኩርምት ያለች ነገር ናት። አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን የሚሸፍን መነጽር ያደርጋል፤ በመነጽሩ ውስጥ የሚያየው ድሮኗ የምታየውን ነው። ሰውየው ተቀምጧል፣ ዓይኑ ግን ይበራል። ሜዳ ላይ ማብረር ፈቃድ ስለሚፈልግ ልጆቹ የሚወዳደሩት ጣሪያ ሥር ነው፤ ለቡ መብራት ኃይል፣ የጓደኛቸው የቢሊሱማ አባት በገዛ እርሻቸው ላይ ጀምረው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያቆሙት ሕንፃ ውስጥ። ከውኃ ቱቦ በር ሠርተው በየምሰሶው መሐል አቁመዋል፤ በዚያ ሾልኮ ቀድሞ የዞረ ያሸንፋል። ጸደንያን የሚቀድማት ጥቂት ነው።

የሁሉም ድሮን ተሠርቶ የመጣ ነበር። አንድ እሑድ በወሬ መሐል ጸደንያ "የእኔን አባቴ ነው የሚሠራልኝ። ክፍል በክፍል አስመጥቼ እሱ ይገጥመዋል፣ ክብደቱም ከናንተዎቹ ሁሉ ይቀላል" አለች። በወግ የተጀመረው ነገር ቃል ሆነ። ማታ ራት ላይ ለአባቷ ስትነግረው ማናዬ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን ተወ። ፊቱ በራ። ዘነቡ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ እሱ አላያትም። "እሠራልሻለሁ፤ ለማን ልሠራ ነው ታዲያ" አላት።

ይቺ ናት ነገሯ። ማናዬ በልቡ አንድ ውል ተዋዋለ። ይህችን ድሮን በራሱ እጅ ከጨረሳት እጁ አልሞተም። ሐኪሙም ተሳስቷል፣ ወረቀቱም ተሳስቷል። ካልቻለ ግን...። "ካልቻልኩ" የሚለውን እንኳ ሐሳቡ ውስጥ አልጨረሰውም።

ዕቃው በቢሊሱማ ዘመድ በኩል ከዱባይ እስኪመጣ ድረስ አንድ እሑድ ሕንፃው ውስጥ ወሰደችው። ትርፍ መነጽር ነበረ፤ እሷ የምታየውን እሱም እንዲያይ አደረገችለትና በድሮዋ ድሮን ተነሣች። ማናዬ የተቀመጠበትን ብሎኬት በሁለት እጁ ጨበጠ። ወለሉ ከሥሩ ሸሸ፣ ምሰሶዎቹ ወደ ፊቱ እየሮጡ መጡና አለፉት። ዞራ ስትመጣ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሰው ከላይ ታየው።

"ይሄ መላጣ ማነው?" አለ።

"አንተ ነህ አባዬ!" አለችና ሳቀች። እሱም ከልቡ ሳቀ።

ድሮኗ ዝቅ ብላ ከፊቱ ቆመች። ያኔ ብሎኬቱን ለቆ ጉልበቱ ላይ ያሳረፋቸውን እጆቹን አየ። እስከዚያን ቀን መንቀጥቀጡን ከውስጥ ነበር የሚያውቀው፤ ከውጭ ሰው እንደሚያየው አይቶት አያውቅም። የሌላ ሰው እጆች፣ የሽማግሌ እጆች ይመስሉ ነበር። ድሮኗ ድንገት ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። "ምስሉ ተበላሸ መሰለኝ፣ አንተ ጋ ይታያል?" አለች ጸደንያ። "እኔም አልታየኝም" አላት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ፣ አላየችም፣ ብዥ ያለ ነበር፣ አላየችም እያለ ራሱን አሳመነ።

በሳምንቱ ዕቃው መጣ። ጸደንያ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "አባዬ፣ ሥራ ከበዛብህ እኔም እኮ ልሞክረው እችላለሁ" አለችው።

"ምን አልሽ?"

"አይ... ሥራ ከበዛብህ ብዬ ነው።"

"ለልጄ የሚበዛ ሥራ የለብኝም" አላት። እሷም ከዚህ ወዲያ አልገፋችም። ምን ብላ ትግፋ? ልግፋ ብትል የሚቀራት ቃል ስለ እጁ ነው፤ እሱን ደግሞ ልጅ ለአባቷ አትለውም።

ቅዳሜ ጠዋት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። የሚገጠመው ነገር ብዙ ነው፣ ቦታው የለም። ከቴምብር የማይበልጥ ቦርድ አለ። እሱ ላይ አራቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው በሦስት ሽቦ ይበየዳሉ። ከቦርዱ በላይ ምስል የሚያስተላልፈው ክፍል ይደራረባል፣ ከእሱ ፊት ካሜራው ይሰካል፣ ከሥር የባትሪው ቀይና ጥቁር ሽቦ ይወጣል። ሁሉም እርስ በርሱ ሳይነካካ መቀመጥ አለበት። "ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ የታክሲ ወንበር ላይ አምስት ማለት እኮ ነው፤ ተጠጉ፣ ተጠጉ" እያለ እያንዳንዱን ሽቦ በልክ ቆረጠ። ትርፍ ሽቦ ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ የሚያስቀር እንጂ የሚያስቀድም አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ጠዋት እጁ ወርቅ ነበር። ትንሿን ጣቱን ተከለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ፋታዋን ጠበቀ፤ ጫፉን ነክቶ አነሣ። እንደገና ጠበቀ፣ ነክቶ አነሣ። ሌላ ጊዜ እንደ ዘፈን የሚፈስለት ሥራ ያን ቀን እንደ ሌባ እርምጃ ነበር፣ ግን ይሄድለት ነበር። የአራቱም ሞተሮች ሽቦ ቦታ ቦታውን ያዘ። ጸደንያ መልቲሜትሩን ከሚስማሩ አውርዳ ለካች። አንድም ጩኸት የለም። "ንጹሕ ነው አባዬ" አለችው፣ ድምፅዋ ከእሱ ይልቅ እፎይ ያለ ነበር። ማናዬ ዓይኑ እንባ አቀረረና የሊዱ ጭስ ነው ብሎ ጠረገው። የባትሪውንም ሽቦ በየደ፣ ደራረበው፣ ዊንጮቹን አጠበቀ። ጸደንያ ዳቦና ሻይ ልታመጣ ወጣች።

እዚያ ላይ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ! ግን ጥሩ ሠራተኛ ነውና ሥራውን አንዴ ዞር አድርጎ አየው። ከጥቁሩ የባትሪ ሽቦ አንዲት ክር ወጣ ብላ ታየችው። ይህችን ብቻ ልንካት አለ። ካውያውን አነሣ፣ ትንፋሹን ያዘ፤ እጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትታፈን የዋለች እጅ ናት፣ ደክማለች። ዘለለች። ከካውያው ጫፍ ጤፍ የምታህል የሊድ ጠብታ ተፈናጠረች።

የት እንደገባች አላየም። ጠረጴዛው ላይ ትሆናለች ብሎ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጉልበቱን ዳሰሰ፣ ወለሉን አየ፣ እንደገና ጠረጴዛውን ዳሰሰ። ጸደንያ ዳቦውን ይዛ በር ላይ ስትቆም ያየችው ይህን ነው፤ አባቷ ባዶ ጠረጴዛ ሲዳብስ።

ዳቦውን አስቀምጣ እጇን ወደ ሚስማሩ ዘረጋች። "ልለካው?"

"ለክቼዋለሁ" አለ ማናዬ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ያውቃል። ብትለካና ቢጮኽ ሁሉም ነገር መፈታት አለበት፣ እንደገና መበየድ አለበት፣ እሷ እያየች፣ በዚህች በደከመች እጅ። ምናልባት ደግሞ ጠብታዋ ወለሉ ላይ ወድቃ ይሆናል። ሰው ሲጨንቀው "ምናልባት" ላይ ቤት ይሠራል።

ጸደንያ መልቲሜትሩን አየችው። ሽቦው እሷ በጠቀለለችው አጠቃለል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ እንደገባ ተሰቅሏል። ማንም አልነካውም። በሱቁ ታሪክ፣ ከዚያም በፊት በጋሽ ማሞ ሱቅ ታሪክ፣ የበየደ ሰው ለክቶ አያውቅም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። "አባዬ፣ ልለካው" ብላ አንዴ ብትደግመው ኖሮ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። ግን አባቷን ዋሸህ ማለት ሆነባት፤ እጅህን አይቻለሁ ማለት ሆነባት። ይሉኝታ ስንቱን ቤት አቃጥሎ ዛሬም ጨዋነት ይባላል።

"እሺ አባዬ" አለችና እጇን መለሰች።

እሑድ ማናዬ ኮቱን ለበሰ። ሕንፃው ውስጥ ወጣቶቹ ከበቡት። ድሮኗ ከእጅ እጅ ዞረች፤ በመዳፋቸው እየመዘኑ "ምንም አትከብድም እኮ" ተባባሉ። ቢሊሱማ የተበየደውን እየተመለከተ፣ "ጸዲ፣ ፋዘር ነው ይሄን በእጁ የሠራው? በእናትሽ?" አለ። ከዚያ ማናዬ እንደሚሰማው ትዝ አለውና "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" ብሎ ጎንበስ አለ። ማናዬ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ "ኧረ ተዉ እናንተ" አለ። ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ከሰው ሁሉ በላይ ደስተኛ ነበር። ከደስታው ሥር ጤፍ የምታህል ፍርሃት ነበረች፤ እሷንም እንደ ጠብታዋ የት እንደገባች ላለማየት ሞከረ።

ጸደንያ ድሮኗን መነሻው ላይ አስቀመጠች። ባትሪውን ይዛ ለአፍታ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሰካችው።

ትንሽ ድምፅ ነበር፤ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የሚሰማ ዓይነት። ቀጥሎ በሞተሮቹ መሐል ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጸደንያ ባትሪውን ነቀለችው፤ ነገሩ ግን አልቆ ነበር። ሽታው ማናዬ ጋ ደረሰ። የተቃጠለ ቦርድ ሽታ እንደ ልጁ ድምፅ ያውቀዋል። ቢሊሱማ "ምን ሆነ?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ጸደንያ ተንበርክካ እንዳለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "እኔ ነኝ። ባትሪውን ገልብጬ ሰካሁት" አለች።

ማናዬ ሰማ። የባትሪውን መሰኪያ የበየደው እሱ ነው። በአንድ ጎኑ ጉብ ያለ ነገር አለው፤ ሰው እንዳይሳሳት ተብሎ የተሠራ ነው። ተገልብጦ አይገባም። በመዶሻ ቢመቱት አይገባም። እሱ ያውቃል። ልጁ ታውቃለች። ዙሪያውን የቆሙት ወጣቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁሉም በየኪሳቸው ያው መሰኪያ ያለው ባትሪ ይዘዋል፣ በየሳምንቱ እልፍ ጊዜ ይሰኩታል፣ ይነቅሉታል። አንዱ ጫማውን አየ። ሌላው መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

"ያጋጥማል" አለ ቢሊሱማ። "እኔ ራሴ አንዴ ገልብጬ ሰክቼ አቃጥያለሁ።"

ቢሊሱማ ልዋሽ ብሎ አይደለም፤ ላንድ ሰው መቆሚያ እያበጀ ነው። ማናዬ ይህን ሲያይ ልቡ ተሰበረ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ገና ጢሙ ያልጠና ሁሉ፣ የእሱን እጅ በነጠላ ሊሸፍን ነጠላውን እየዘረጋ ነው። ማለት የሚገባውን ያውቅ ነበር፤ ጋሽ ማሞ በአንድ ትንፋሽ ያሉትን። እጄ ከዳኝ፣ ልጄ ምንም አላጠፋችም፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። ቃሉን ግን አላወጣውም። ሁሉም ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን እየጠበቁ ነበር፤ እሷም ተንበርክካ እየጠበቀች ነበር።

"ስንት ጊዜ ነገርኩሽ፣ አትቸኩይ ብዬ" አላት።

"አጠፋሁ አባዬ።"

"ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።"

"አይለምደኝም" አለችው። ያላጠፋችውን ይቅር አላት፤ እሷም ይቅርታውን ተቀበለች።

ቤት ሲገቡ ዘነቡ ሁለቱንም አይታ ራት አቀረበች። ማናዬ እጁን ከታጠበ በኋላ እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ የመጀመሪያዋን ለጸደንያ አጎረሳት። ጉርሻ ከሰጠ ስንት ጊዜው ነበር። እየተንቀጠቀጠ መንገድ ላይ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ አንገቷን አስረዝማ ቀሪውን ተቀበለችውና እያኘከች ዞር ብላ አለቀሰች። "ምነው?" ሲላት "ሚጥሚጣው ነው" አለችው። ወጡ አልጫ ነበር።

ሰኞ ሱቅ ሲገቡ ማናዬ የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ሁለተኛዋን ስቦ ተቀመጠ። ጸደንያም ካውያው ፊት ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ የምትበይደው እሷ ናት። ደንበኛ መጥቶ "ጋሽ ማናዬ፣ ዛሬ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" ሲል፣ እንዲህ ይላል፦ "አሁንማ ልጄ ናት። አንድ ጊዜ ባትሪ ገልብጣ ሰክታ ጉድ ሠርታኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተምራለች።" ደንበኛው ይስቃል። ጸደንያም ከተከፈተው ስልክ ላይ ቀና ሳትል ትስቃለች። ስንት ሰው ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደሳቀች እሷ ታውቃለች።

ድሮኗን ከፍታ ያየቻት ብቻዋን ነበር። ጠብታዋ ሁለቱ ቦርዶች መሐል ተቀርቅራ ነበር፣ ጠቁራ። በወረንጦ አውጥታ ወደ ውጭ፣ ታክሲዎቹ ወደሚቆሙበት አቧራ ጣለቻት። ለማንም አልነገረችም።

ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ የበየደ አይለካም። ጸደንያ በይዳ ስትጨርስ ስልኩን ወደ አባቷ ትገፋለታለች። "አባዬ፣ ለካልኝ" ትለዋለች። ማናዬ መልቲሜትሩን ያወርድና በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉትን ሁለት መርፌዎች በሁለት እጁ ይይዛል። መርፌዎቹ የማይነካውን ይነካሉ፣ የሚነካውን ይስታሉ። መልቲሜትሩ ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል። የጮኸው ሾርት ኖሮ ይሁን እጁ ስቶ ማንም ሊለይ አይችልም። ጸደንያ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የምትፈልገው ነገር መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ትቆያለች።

"ደህና ነው" ይላል በመጨረሻ።

"እሺ አባዬ" ትለዋለች።

ከዚያ ምሳ ሰዓት ይሆናል። ያ ከወንበሩ ተነሥቶ ምሳ የማይበላው ማናዬ አሁን ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ይወጣል። ማዶ የቆመው ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ፣ ምግቡ ካለቀም በኋላ ይቆያል። እሱ እንደወጣ ጸደንያ መልቲሜትሩን አውርዳ ሁሉንም እንደገና ትለካለች። ማናዬ ምሳውን ውጭ የሚበላው እሷ እንድትለካ ነው።